ሻጋታ፣ ሳንባና ማይክሮባዮም፦ የሚወራውና የተረጋገጠው

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማይክሮባዮም የሚለው ቃል ከላቦራቶሪ ወጥቶ ቲክቶክ ገብቷል። ድካምም፣ ድብርትም፣ ውፍረትም፣ አስምም በእሱ ይሳበባል። በሌላ በኩል የፈንገስ ወሬ አስፈሪ ሆኗል። በ2021 ሕንድ ውስጥ ከኮቪድ ጋር ተያይዞ «ጥቁር ፈንገስ» የተባለው በሽታ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲይዝ ብዙ ሰው ፈንገስ እንደሚገድል ያን ጊዜ ነው የሰማው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት አደገኛ ፈንገሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ በደረጃ ዘረዘረ። በ2025 ደግሞ ስለ መመርመሪያዎቹና ስለ መድኃኒቶቹ እጥረት ሁለት ሪፖርቶች አወጣ።

አሁን ሁለቱ ወሬዎች ተገናኝተዋል። አንጀትህን ካስተካከልክ ሳንባህን ፈንገስ አይደፍረውም የሚል ምክር መስማት ቀላል ነው። ከኋላው እውነተኛ ሳይንስ አለ። ግን ሳይንሱ የሚለውና ምክሩ የሚለው ለየቅል ናቸው።

ማይክሮባዮም ስንል

ማይክሮባዮም በሰውነታችን ላይና ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ማኅበረሰብ ነው። ባክቴሪያ ይበዛበታል። ቫይረስና ፈንገስም አሉበት። የፈንገሶቹ ድርሻ ለብቻው ሲጠራ ማይኮባዮም ይባላል። «ባክቴሪያዎቹ ከራሳችን ሕዋሳት አሥር እጥፍ ይበልጣሉ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያ የቆየ ግምት ነው። በ2016 የታተመ ስሌት ባክቴሪያዎቹን ወደ 38 ትሪሊዮን፣ የሰውን ሕዋሳት ወደ 30 ትሪሊዮን አድርጓቸዋል። ተቀራራቢ ናቸው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ያሉት በትልቁ አንጀት ነው።

ፈንገስ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይይዛል። የቆየ እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ፈንገስ ነው። ዳቦ የሚያስነሳው እርሾም ፈንገስ ነው። ካንዲዳ የተባለ እርሾ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍና አንጀት ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ይህ ካንዲዳ ወደኋላ ላይ ስለሚመጣ ስሙን ያዙልኝ።

ሁሉም ይስበዋል፣ ጥቂቱ ይታመማል

የሳንባ ፈንገስ ሲባል ዋናው ተጠርጣሪ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ነው። በአፈር፣ በበሰበሰ ቅጠል፣ በኮምፖስት ክምርና በረጠበ ድርቆሽ ላይ ይበቅላል። የሚራባው ስፖር በሚባል ደቃቅ ብናኝ ነው። አንዱ ስፖር ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። እስከ ሳንባ ጫፍ ድረስ ለመግባት የሚበቃ ትንሽነት ነው። ማንኛችንም በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ስፖሮችን እንስባለን። ሆኖም አንታመምም። በአየር ቧንቧ ያሉት ደቃቅ ፀጉሮች ብናኙን ይጠርጋሉ። የተረፈውን ማክሮፌጅ የተባሉት ሕዋሳት ይውጣሉ። ማብቀል የጀመረውን ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይረባረቡበታል።

ይህ ሰንሰለት ሲበላሽ በሽታው በሦስት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው ወራሪው ዓይነት ነው። የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ያለን፣ የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገለትን፣ ብዙ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደን፣ ወይም በከባድ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባን ሰው ይይዛል። በሳምንታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው ሥር የሰደደው ነው። ቀድሞ በተጎዳ ሳንባ ውስጥ፣ በተለይም ቲቢ ትቶት በሄደ ጉድጓድ ውስጥ ተሰንቅሮ ለዓመታት ይቆያል። ሦስተኛው አለርጂ ነው። እዚህ ፈንገሱ ሳንባውን አይወርም። ሰውየውን የሚያፍነው ሰውነቱ ለፈንገሱ የሚሰጠው ከልክ ያለፈ ምላሽ ነው። አንዳንድ የአስም ሕሙማን ላይ የሚታየው ይህ ነው።

ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። በወራሪው ችግሩ የመከላከያ ማነስ ነው። በአለርጂው ችግሩ የመከላከያ መብዛት ነው። ስለዚህ «ኢሚዩኒቲን ከፍ ያደርጋል» የሚለው የማስታወቂያ ቋንቋ ለሳንባ ፈንገስ ትርጉም የለውም። የትኛውን የመከላከያ ክፍል ነው ከፍ የሚያደርገው? ለማንስ?

ሳንባ ባዶ አልነበረም

ለረጅም ጊዜ ጤነኛ ሳንባ ከጀርም ንጹሕ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ባክቴሪያ ቢገኝ በሽታ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም። አሜሪካ በ2007 የጀመረችው ታላቁ የማይክሮባዮም ፕሮጀክት እንኳ ሲነሳ ሳንባን ከጥናቱ ቦታዎች አላካተተም። ነገሩ የተለወጠው ባክቴሪያን ማብቀል ቀርቶ ዘረመሉን በቀጥታ ማንበብ ሲቻል ነው። በ2010 የታተመ ጥናት በጤነኞችና በአስም ሕሙማን የአየር ቧንቧ ውስጥ የባክቴሪያ ማኅበረሰብ እንዳለ፣ የሁለቱም እንደሚለያይ አሳየ።

ግን መጠኑ ትንሽ ነው። ከአንጀት ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። አብዛኛውም ከአፍ የመጣ ነው። ስንተኛ ምራቅ በትንሽ በትንሹ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ አብረውት ፕሬቮቴላ፣ ቬዮኔላና ስትሬፕቶኮከስ የተባሉት የአፍ ባክቴሪያዎች ይወርዳሉ። ሳንባ ደግሞ መልሶ ይጠርጋቸዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች «ነዋሪዎች አይደሉም፣ መንገደኞች ናቸው» ይላሉ። ሌላም ጥርጣሬ አለ። ናሙናው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የላቦራቶሪው ኬሚካል ራሱ ያመጣው ብክለት ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። የዘርፉ ትልቁ ራስ ምታት ነው።

ፈንገሱና ጎረቤቶቹ

መንገደኛም ሆኑ ነዋሪ፣ አስፐርጊለስ ሲገባ ያገኛቸዋል። ምን ይሆናል? በደንብ የተጠናው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለው በሽታ ላይ ነው። ይህ በዘር የሚወረስ፣ በአውሮፓውያን ዝርያ ላይ የሚበዛ በሽታ ነው። ሳንባው በወፍራም አክታ ይሞላል። በአክታው ውስጥ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያና አስፐርጊለስ አብረው ይገኛሉ።

ሱዶሞናስ ፈናዚን የሚባሉ ኬሚካሎችን ያመነጫል። መጠናቸው ከፍ ሲል ፈንገሱን ያቆሙታል። ብረት የሚሻማበት ዘዴም አለው፤ ፈንገሱ ደግሞ ያለ ብረት አያድግም። እስከዚህ ድረስ ባክቴሪያው ጠባቂ ይመስላል። ነገር ግን እነዚያው ፈናዚኖች መጠናቸው ዝቅ ሲል ፈንገሱን ሊያግዙት እንደሚችሉ ታይቷል። በ2016 ደግሞ ሱዶሞናስ ወደ አየር የሚለቀው አንድ ሰልፈር ያለበት ጋዝ፣ ሁለቱ ሳይነካኩ እንኳ፣ የአስፐርጊለስን እድገት እንደሚያነቃቃ ተዘገበ። ያው ባክቴሪያ፣ ያው ፈንገስ። እንደ ርቀቱና እንደ መጠኑ ግን አንዴ ጠላት፣ አንዴ ረዳት። «ጥሩ ባክቴሪያ» እና «መጥፎ ባክቴሪያ» የሚለው አከፋፈል እዚህ ላይ ይፈርሳል።

በ2023 ጀርመን የና ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በሌላ በኩል ያዙት። ከ250 በላይ የአስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ንዑሳን ዝርያዎችን ዘረመል ወስደው እያንዳንዱ ምን እንደሚመገብና ምን እንደሚሠራ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ሠሩ። ከዚያ የ40 ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማንን የሳንባ ባክቴሪያ ከፈንገሱ በፊትና በኋላ አነጻጸሩ። ፈንገሱ ሲገባ የባክቴሪያው ማኅበረሰብ ይለወጣል። ስሌቱ እንደሚያሳየው የተለወጠው ማኅበረሰብ ፈንገሱ የሚፈልጋቸውን አንዳንድ አሚኖ አሲዶች በማቅረብ እድገቱን የሚያመቻች ይመስላል። ማለትም ፈንገሱ የሚስማማውን ሰፈር አይጠብቅም፤ ራሱ ሳያበጀው አይቀርም። በእኔ አስተያየት ከጥናቶቹ ሁሉ አሳሳቢው ሐሳብ ይህ ነው። ገና ስሌት እንጂ የታማሚ ሙከራ አለመሆኑ ግን መረሳት የለበትም።

ከአንጀት እስከ ሳንባ

አንጀትና ሳንባ ተራርቀው ሳለ እንዴት ይነጋገራሉ? ተመራማሪዎች የአንጀትና የሳንባ ዘንግ ይሉታል። ግንኙነቱ በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች አሰር (ፋይበር) ሲያብላሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ያመርታሉ፤ እነዚህ ወደ ደም ገብተው የመከላከያ ሕዋሳትን ባሕርይ ይቀይራሉ። ሁለተኛ፣ አንጀት ውስጥ «የሠለጠኑ» የመከላከያ ሕዋሳት በደም ተጉዘው ሳንባ ይደርሳሉ። ሦስተኛ፣ አንጀት ውስጥ የተፈጠረ ኬሚካላዊ ምልክት በቀጥታ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ማስረጃው የጀመረው ከአይጦች ነው። በ2004 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአይጦች አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው። ቀጥሎ ካንዲዳ በአፋቸው ገባ። የአንጀት ባክቴሪያው ስለተመታ፣ ሰብሉ በተነቀለበት ማሳ አረም እንደሚበዛው ካንዲዳው በዛ። ከዚያ የአስፐርጊለስ ስፖር በአፍንጫቸው ሲገባ ሳንባቸው በአለርጂ ተቆጣ። አንቲባዮቲክ ያልወሰዱት አይጦች ያንኑ ስፖር ስበው ይህን ያህል አልሆኑም። በ2014 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ አንዱን የመገናኛ መንገድ አገኘ። አንጀት ውስጥ የበዛው ካንዲዳ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ኬሚካል በደም ውስጥ እንዲጨምር ያደርጋል፤ ይህ የሳንባውን ማክሮፌጅ ወደ አለርጂ ያዘነብለዋል።

በተቃራኒው አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያ መከላከያ ያበረታል። በ2016 የታተመ የአይጥ ጥናት ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ሳንባ ለአስፐርጊለስ የሚሰጠው ምላሽ እንደሚደክም አሳየ። ምላሹን የሚቀሰቅሰው አንጀት ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ አንድ የባክቴሪያ ዓይነት ነበር።

ታዲያ ፈንገሱን ከአንጀት ጠርጎ ማውጣት ይሻላል? እሱም አልሠራም። ሎስ አንጀለስ ያሉ ተመራማሪዎች በዚያው በ2016 ለአይጦች ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ሰጡ። ካንዲዳው ቀነሰ። በቦታው ሌሎች ፈንገሶች በዙ። የሳንባው አለርጂም ባሰ እንጂ አልተሻለም።

በሰው ላይ ያለው ጠንካራ ፍንጭ በ2019 የመጣው ከጀርመን ነው። ሰዎች አስፐርጊለስን ሲያገኙ የሚነሳሱ ቲኤች 17 የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት አሏቸው። ሕዋሳቱ ሲመረመሩ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተማሩት በካንዲዳ ላይ ሆኖ ተገኘ። አንጀታችን ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠው እርሾ ነው አስተማሪያቸው። ሁለቱ ፈንገሶች ስለሚመሳሰሉ ሕዋሳቱ ሳንባ ውስጥ አስፐርጊለስን ሲያዩ ያው ካንዲዳ ይመስላቸዋል። በሲስቲክ ፋይብሮሲስና በአስፐርጊለስ አለርጂ ሕሙማን ላይ እነዚህ ሕዋሳት በዝተው ተገኝተዋል። ለአንዱ ሰው ጥበቃ የሆነው ለሌላው ሕመም ነው።

ምክንያት ነው ወይስ ምልክት?

ክርክሩ የሚከረው እዚህ ነው። በ2022 የታተመ ጥናት መከላከያቸው የደከመ ሕሙማንን የሳንባ እጥበት ናሙና መረመረ። ወራሪ አስፐርጊለስ የያዛቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ የባክቴሪያው ዓይነት ስብጥር አነስተኛ ነበር። ስብጥሩ ከመዳንና ከመሞት ጋርም ተያይዞ ተገኘ። አንዳንዶች ይህን «ማይክሮባዮሙ ሲሳሳ ፈንገሱ ይገባል» ብለው ያነቡታል።

ጥርጣሬ ያላቸው ወገኖች ጥያቄም ቀላል አይደለም። እነዚህ ሕሙማን ብዙ አንቲባዮቲክ የወሰዱ ናቸው። ኬሞቴራፒ ላይ ናቸው። ሆስፒታል ሰንብተዋል። ስብጥሩን ያሳሳው ሕመሙ ራሱ ሊሆን ይችላል። ያኔ ማይክሮባዮሙ ሰውየው ምን ያህል እንደታመመ የሚናገር መለኪያ እንጂ የበሽታው ምክንያት አይደለም። የአይጡም ማስረጃ የራሱ ገደብ አለው። የቤተ ሙከራ አይጥ በንጹሕ ሳጥን ያደገ፣ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበላ፣ ካንዲዳ በተፈጥሮ የማይኖርበት እንስሳ ነው።

ለእኔ ሚዛኑ እንዲህ ይደፋል። አንቲባዮቲክ የአንጀትን ማኅበረሰብ አናግቶ የሳንባን ምላሽ ሊቀይር እንደሚችል በአይጥ ደጋግሞ ታይቷል። ሰው ላይ መንገዱ እንዳለ ጥሩ ምልክት አለ። ማይክሮባዮምን በማስተካከል የሳንባ ፈንገስን መከላከል ወይም ማዳን እንደሚቻል ግን ሰው ላይ አልተረጋገጠም። የማይክሮባዮሙ ለውጥ እንደ መመርመሪያ ግን ቀድሞ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል። አደጋ ላይ ያለውን ሕመምተኛ ቀድሞ ለመለየት የምክንያቱ ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ፕሮባዮቲክና እርጎ

ፕሮባዮቲክ የሚባለው ይጠቅማሉ ተብለው የሚዋጡ ሕያዋን ባክቴሪያዎች ወይም እርሾዎች ናቸው። ለጤነኛ ሰው ብዙም ጉዳት የላቸውም። ችግሩ የሳንባ ፈንገስ የሚያሰጋው ሰው ጤነኛ አለመሆኑ ነው። አንዱ የታወቀ ፕሮባዮቲክ ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ ራሱ ፈንገስ ነው። ትልቅ የደም ሥራቸው ውስጥ ቱቦ በተተከለላቸው ጽኑ ሕሙማን ላይ ወደ ደም ገብቶ ኢንፌክሽን ስላስከተለ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ለእነዚህና መከላከያቸው ለደከመ ሕሙማን እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። በ2018 እስራኤል ውስጥ የተሠራ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ መውሰድ የሰውየው የራሱ ባክቴሪያ ቶሎ እንዳይመለስ እንደሚያዘገይ አሳይቷል።

ምግብስ? አሰር የበዛበት ምግብ አይጦችን ከሳንባ አለርጂ እንደጠበቀ በ2014 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታይቷል። አለርጂው ግን ከቤት አቧራ ተባይ እንጂ ከፈንገስ አልነበረም። ጤፍ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ሽምብራ የሚበላ ሰው አሰር አይቸግረውም። «እንጀራ የፈላ ስለሆነ ፕሮባዮቲክ ነው» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ያልቃሉ። የሚቀረው አሰሩ ነው፤ እሱም አይናቅም። እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው። ካልተፈላ ወተት ከተሠራ ግን ብሩሴላና የከብት ቲቢም ሊኖረው ይችላል።

ኢትዮጵያን የሚነካው የቱ ነው?

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ ያስቀመጣት አገር ናት። ሥር የሰደደው የሳንባ አስፐርጊለስ የሚያጠቃውም ቲቢ ያለፈበትን ሳንባ ነው። ጉሉ፣ ሰሜን ኡጋንዳ፣ ቲቢ ታክመው የጨረሱ ሰዎች ተጠንተው ውጤቱ በ2019 ታትሟል። ወደ 5 በመቶ የሚሆኑት ይህ በሽታ ነበረባቸው። በራጅ ሳንባቸው ላይ ጉድጓድ የታየባቸው ለብቻ ሲቆጠሩ ግን በሽታው ከአራት በአንዱ ገደማ ተገኝቷል። ምልክቱ ከቲቢ አይለይም፦ ለወራት የማይለቅ ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ ደም የቀላቀለ አክታ። ስለዚህ ሰውየው «ቲቢው ተመለሰ» ተብሎ አክታው ነጻ ሆኖ ሳለ እንደገና መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል።

ማይክሮባዮሙስ የት ላይ ይገባል? የቲቢ ሕክምና ለወራት የሚቆይ የአንቲባዮቲክ ሕክምና ነው። በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል። በ2017 ሄይቲ ውስጥ የተሠራ ጥናት የቲቢ መድኃኒት የአንጀትን ማኅበረሰብ በጣም እንደሚቀይርና ለውጡ ሕክምናው ካለቀ ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። ይህ ለውጥ በኋላ ለሚመጣው ፈንገስ መንገድ ይጠርጋል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ግን ገና የለውም። ማንም ይህን ሰምቶ የቲቢ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ቲቢ ያልታከመ ሳንባ ውስጥ ጉድጓዱ ይሰፋል፤ ፈንገሱ የሚፈልገውም ጉድጓዱን ነው።

«አንቲባዮቲክ መጥፎ ነው» ብሎ መጠቅለልም ስህተት ነው። ለኤች አይ ቪ ሕሙማን የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል አንቲባዮቲክ ነው። ኒሞሲስቲስ የተባለውን የሳንባ ፈንገስ የሚከላከለውም እሱ ነው። የተለመዱት ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች ይህን ፈንገስ አይነኩትም።

ልማዱ ላይ ግን ችግር አለ። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ መግዛት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጉንፋን ደግሞ ቫይረስ ነው። መድኃኒቱ ጉንፋኑን አይነካም፣ አንጀቱን ይነካል። ስቴሮይድ ከሁሉ ይብሳል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን በሐኪም ሲታዘዙ ሕይወት ያድናሉ። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ፈንገስን የሚገድሉትን ሕዋሳት ያደክማሉ። ሕንድ ላይ በ2021 ለደረሰው ጥፋት ዋና ተብለው የተጠቀሱትም ከቁጥጥር የወጣ ስኳርና የስቴሮይድ አጠቃቀም ናቸው። (ያ በሽታ በአብዛኛው አፍንጫና ዓይን አካባቢ እንጂ ሳንባ ላይ አልነበረም። ጥቁሩም የሞተው ሥጋ እንጂ ፈንገሱ አይደለም።)

ቲቢን የጨረሰ ሰው ሳሉ ከሦስት ወር በላይ ከቆየና የአክታ ምርመራው ነጻ ከሆነ ሐኪሙን «ፈንገስ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መለያው የሳንባ ምስልና የአስፐርጊለስ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ የደም ምርመራ ነው። ሲረጋገጥ ኢትራኮናዞል ቢያንስ ለስድስት ወር ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሪፋምፒሲን ጉበት ኢትራኮናዞልንና ቮሪኮናዞልን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ በደም ውስጥ የሚቀረው የማይረባ መጠን ነው። ለጥርጣሬ ተብሎ ቲቢውንም ፈንገሱንም አንድ ላይ ማከም የማያዋጣው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የ2025 ሪፖርትም የሚያማርረው ይህንኑ ነው፤ መመርመሪያዎቹ ውድ ናቸው፣ የሠለጠነ ባለሙያና ላቦራቶሪ ይፈልጋሉ፣ ብዙ ታማሚ ባለበት አገርም በቀላሉ አይገኙም።